ድንቄ ጉሬዛና ሦስቱ ጠርሙሶች

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እኔ አፌን አምጥቻለሁ፣ እናንተ ጆሯችሁን አምጡ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ከሰው ጋር፣ ዕቃውም ከአውሬው ጋር በሚያወራበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበረ። በጫካው ውስጥ ጉሬዛዎች ይኖሩ ነበር። ከእነሱ አንዷ ድንቄ ትባላለች፤ የአንድ ልጅ እናት ናት። እንደ ዘመዶቿ ሁሉ ሰውነቷ ጥቁር ነው፤ ከትከሻዋ ላይ ግን ነጭ ካባ ይወርዳል። ጠዋት ቅጠል ትበላለች፣ ቀን ቅጠል ትበላለች፣ ማታም ቅጠል ትበላለች። ሌላ ምግብ አታውቅም።

ከጫካው አጠገብ የአቶ ዘለቀ የበቆሎ ማሳ ነበረ። በዚያ ዓመት በቆሎው እሸት ሲሆን ሌባ ገባበት። አቶ ዘለቀ ከፍ ያለ ማማ ሠርተው፣ ወንጭፋቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ ይጠብቃሉ። በቆሎው ግን በየቀኑ ይጎድላል።

አንድ ቀን መጥረቢያቸውን ተሸክመው ጫካው ዳር መጡ።

«እናንተ ጉሬዛዎች! በቆሎዬን ጨረሳችሁት!» አሉ።

«ኧረ አቶ ዘለቀ፣ እኛ እኮ ቅጠል በሊታ ነን» አለች ድንቄ።

«ታዲያ ማን በላው?»

«ዝንጀሮዎቹ ናቸው።»

የዝንጀሮዎቹ አለቃ አያ ዝንጀሮ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ደረቱን ያካል። «እኔ?» አለ። «እኔ ከገደሌ ወርጄም አላውቅ! ሌቦቹ እነሱ ናቸው። ነጩን ካባ በማሳው መሀል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

አቶ ዘለቀ ግራ ገባቸው። «እኔ ዓይኔን ሳልከድን ነው የምጠብቀው፤ ሌባ አላየሁም» አሉ። «እንግዲህ ጫካው ባይኖር ሌባ መደበቂያ አያገኝም። ሦስት ቀን ሰጥቻችኋለሁ። የማይዋሽ ምስክር ካመጣችሁ እሰየው። ካላመጣችሁ ዛፎቹን አንድ በአንድ እጥላቸዋለሁ።»

ጉሬዛዎቹ አለቀሱ። ድንቄ ግን አላለቀሰችም። ወንዙን ተከትላ ወደ ጋሽ ሽብሩ ቤት ሄደች። ጋሽ ሽብሩ በየገበያው እየዞሩ ሰው ፎቶ ሲያነሱ ያረጁ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ የማይዋሽ ምስክር ያበድሩኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው የእንጨት ሳጥናቸውን ከፈቱ። አሮጌ ካሜራ፣ ሦስት ጥቅል ፊልም፣ ክዳን ያለው ጣሳ ከነፊልም መጠቅለያው፣ ሦስት ጠርሙስ፣ አንድ ጠፍጣፋ መስታወት፣ የፎቶ ወረቀት ያለበት አንድ ጥቁር ፖስታም አወጡ።

«እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ግን እጅሽ ቀልጣፋ ነው» አሉ። «ውሰጂያቸው። ሁሉም አፍ አላቸው፤ የሚሉሽን ስሚ። ካልሰማሻቸው ምንም አይሰጡሽም።»

በመጀመሪያው ቀን ድንቄ ማሳው ዳር ያለ ዛፍ ላይ ወጣች። ዝንጀሮዎቹ ሲንጋጉ መጡ። ካሜራው በጎርናና ድምፁ፣ «ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርጊ፤ ትንፋሽሽን ያዢ፤ ከዚያ ተጫኚኝ» አላት። እንደተባለችው አደረገች። ቀጭ!

«አየሁ! አየሁ! ሁሉንም አየሁ!» አለ ፊልሙ ከውስጥ።

የድንቄ ልብ ዘለለ። ይህን ጊዜ ብርሃን በቅጠሎቹ መሀል ተንሸራቶ መጣ። ብርሃን እንደምታውቁት በቀዳዳ ሁሉ የሚገባ ነው፤ ያልተጠራበት ቤት የለም።

«ድንቄዬ፣ የካሜራውን ጀርባ እስቲ ገርበብ አድርጊውና አብረን እንየው። ለአንድ አፍታ ብቻ!» አለ።

«እንዳትከፍቺው!» አለ ካሜራው።

ድንቄ ግን መቆየት አልቻለችም። ገርበብ አደረገችው። ብርሃን ዘሎ ገባ፤ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ላሰው።

«ወይኔ!» አለ ፊልሙ። «ያየሁት ሁሉ ጠፋብኝ! ሳልታጠብ ለብርሃን ሰጠሽኝ!»

አንድ ቀን አለፈ፤ አንድ ፊልም ባከነ።

በሁለተኛው ቀን ድንቄ እንደገና አነሳች። ቀጭ! አሁን የካሜራውን ጀርባ አልከፈተችም። «በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ከየት ይገኛል?» ብላ አሰበችና እትዬ አዋልድጌሳ ዘንድ ሄደች። እትዬ አዋልድጌሳ ምድርን በጥፍራቸው እየቆፈሩ፣ ቀን ቀን ጉድጓዳቸው ውስጥ የሚተኙ ናቸው።

«እትዬ፣ ጨለማዎን ያውሱኝ» አለቻቸው።

«ጨለማ እንኳ ሞልቶኛል» አሉ እያዛጉ። «የልጆቼን መልክ የማውቀው በዳሰሳ ነው። ግቢ።»

ድንቄ ገባች። ጣቷን እንኳ ማየት አትችልም። ፊልሙን በዳሰሳ ፈታችው፤ በዳሰሳ መጠቅለያው ላይ ልታጠመጥመው ሞከረች። አንዴ አመለጣት፣ ሁለቴ ተጣመመባት፣ በሦስተኛው ተሳካላት። ጣሳው ውስጥ ከተተችውና ክዳኑን ጠረቀመችው።

«በቃ፣ አሁን ወደ ውጭ አውጪኝ» አለ ጣሳው። «ክዳኔ ከተዘጋ ብርሃን እኔ ዘንድ መግቢያ የለውም፤ በክዳኔ ጠማማ ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ ብቻ ነው።»

ወንዙ ዳር ወሰደችው። አንደኛው ጠርሙስ ተናገረ። «ስሜ ገላጭ ነው። ጣሳው ውስጥ ጨምሪኝና መቶ ሃያ ትንፋሽ ልቆይ፤ በየአሥሩ ትንፋሽ ጣሳውን ገልበጥ መለስ አድርጊው። የተደበቀውን መልክ የማወጣ እኔ ነኝ።» ድንቄ ቆጠረች፣ ገለበጠች፣ መለሰች።

ሁለተኛው ጠርሙስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። «ስሜ አስቁም ነው። ሃያ ትንፋሽ ይበቃኛል። የገላጭን እጅ ካልያዝኩት ሥራውን መተው አያውቅም» አለ። ድንቄ ሃያ ቆጠረች።

ሦስተኛው ጠርሙስ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ስሜ አጽኚ ነው። ሁለት መቶ ትንፋሽ እፈልጋለሁ። እኔ ካልጨረስኩ የወጣው መልክ አይበረክትም።»

«ሁለት መቶ!» አለች ድንቄ። ሃያ ያህል ቆጠረችና ክዳኑን ከፈተችው። ፊልሙ ላይ ዝንጀሮዎቹ ተነስተዋል! ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት? «ቆይ! አልጨረስኩም!» የሚለውን አጽኚን ጥላ ወደ አቶ ዘለቀ በረረች።

«ይኸው ምስክሬ! ይመልከቱ!» አለቻቸው።

አቶ ዘለቀ ፊልሙን ወደ ሰማይ አነሱት። ብርሃንም አብሮ ሊያይ መጣ። ሲያዩት ሲያዩት ደበዘዘ፤ ሲያዩት ሲያዩት ጠቆረ፤ በመጨረሻ ምንም የማይለይበት ሆነ።

«ታሾፊብኛለሽ?» አሉ አቶ ዘለቀ።

አያ ዝንጀሮ ከቋጥኙ ላይ እስኪንከባለል ሳቀ። «ድንቄም ፎቶ አንሺ!» አለ።

ድንቄ ፊቷ ጋለ። ቢሆንም አንገቷን አልደፋችም። የተበላሸውን ፊልም ይዛ ወንዝ ዳር ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፍና መጠቅለያው ላይ አጠመጠመችው፤ ፈታችው፤ ደግማ አጠመጠመችው። ጣቶቿ መንገዱን ከዓይኗ በላይ እስኪያውቁት ድረስ አልተነሳችም።

ሦስተኛው ቀን ነጋ። የቀረው አንድ ፊልም ነው። አቶ ዘለቀ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መጥረቢያ ሲስሉ ሰማቻቸው። እሷም ዛፏ ላይ ጠበቀች፤ እሳቸው ማሳ እስኪወርዱ፣ ዝንጀሮዎቹ እስኪመጡ፣ በቆሎው እስኪሸለቀቅ። ፀሐይዋን ከጀርባዋ አደረገች፤ ትንፋሿን ያዘች። ቀጭ!

እትዬ አዋልድጌሳ ጉድጓድ ገባች፤ አፉንም በድንጋይ ዘጋችው። ፊልሙ መጠቅለያው ላይ እኩሌታው ሲደርስ ከውጭ የአያ ዝንጀሮ ድምፅ መጣ።

«ድንቄ! ኧረ ድንቄ! ልጅሽ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ! ቶሎ ክፈቺ!»

ድንቄ ፊልሙን እንደያዘች ወደ ድንጋዩ ዞረች። ብርሃንም በድንጋዩ ጠርዝ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ፣ «ክፈቺ እንጂ፣ እናት አይደለሽም?» አላት።

«እትዬ፣ ልጄን...» አለች በጨለማው ውስጥ።

«ጸጥ በይና አድምጪ» አሉ እትዬ አዋልድጌሳ። «የጉሬዛ ልጅ ሲወድቅ ጫካው በሙሉ ይጮኻል። የሚጮኽ ይሰማሻል?»

ድንቄ አደመጠች። ወንዙ ይወርዳል፤ ቅጠሉ ይንሿሿል። የሚጮኽ የለም።

«አይሰማኝም» አለች።

«እንግዲያው ሥራሽን ጨርሺ» አሉና ወፍራም ጀርባቸውን ድንጋዩ ላይ ለጠፉት። አያ ዝንጀሮ ቢገፋ ቢገፋ አልነቃነቀውም። የድንቄ ጣቶች ቀሪውን እኩሌታ አንዴም ሳይሳሳቱ አጠመጠሙት። ክዳኑ ተዘጋ።

ለገላጭ መቶ ሃያ ትንፋሽ ቆጠረች። ለአስቁም ሃያ ቆጠረች። ለአጽኚ ሁለት መቶ ቆጠረች፤ አንድም አልሰረቀችበትም። «አሁን ማንም አያጠፋውም» አለ አጽኚ። ፊልሙን በወንዙ ውሃ አለቀለቀችው፤ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው፤ ሲደርቅ ልጇን አዝላ፣ የጋሽ ሽብሩንም ዕቃ ይዛ ወደ አቶ ዘለቀ ደጅ ሄደች።

አቶ ዘለቀና ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ወጡ። ጉሬዛዎቹ በአንድ ወገን፣ ዝንጀሮዎቹ በሌላ ወገን ቆሙ። አቶ ዘለቀ ፊልሙን ወደ ሰማይ አነሱት። አሁን አልጠቆረም፤ ነገር ግን በማሳው መሀል የቆመው ሌባ ነጭ ነው!

«አላልኳችሁም?» ብሎ ዘለለ አያ ዝንጀሮ። «ነጭ ማን ነው? ነጭ ካባ የለበሰው ማን ነው? ራሷ አምጥታ ራሷን አስያዘች!»

አቶ ዘለቀ መጥረቢያቸውን አነሱ። ከጉሬዛዎቹ አንዱ፣ «ድንቄ፣ ምን አደረግሽን?» አለ። ድንቄ ግን ወደ አቶ ዘለቀ ቀረበች።

«አቶ ዘለቀ፣ ሰማዩን ይመልከቱት። ፊልሙ ላይ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር ነው።»

«ሰማይ በቀን ጥቁር ነው?»

«አይደለም።»

«ምስክሬ የሚያወራው ገልብጦ ነው። ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ይለዋል። ይፍቀዱልኝና መልሼ ላቃናው።»

«እውነቷን ነው፤ ጊዜ ስጣት» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ድንቄ ከጥቁሩ ፖስታ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁረውን የፎቶ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱን ከታች፣ ፊልሙን ከላይ አድርጋ ጠፍጣፋውን መስታወት ጫነችበት። ከዚያም ቀና ብላ፣ «ብርሃን፣ አሁን ና!» አለች።

ብርሃን አኩርፎ ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። «ስታባርሪኝ ከርመሽ ዛሬ ትጠሪኛለሽ?» አለ።

«ያኔ ተራህ አልነበረም። ዛሬ ተራህ ነው።»

ብርሃን ደስ ብሎት ወረደ፤ በፊልሙ ውስጥ አልፎ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ። ወረቀቱ ቡናማ ቡናማ እያለ መጣ። ድንቄ አነሳችውና አጽኚን በሳህን አፍስሳ ነከረችው። አቶ ዘለቀ እጃቸውን ሲሰዱ፣ «ሁለት መቶ ትንፋሽ፣ አቶ ዘለቀ!» አለቻቸው። ሰውም አውሬውም አብሯት ቆጠረ።

ከዚያ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። አያ ዝንጀሮ ከነጠጉሩ፣ ከነጥርሱ፣ በሁለት እጁ ሁለት በቆሎ፣ በአፉም አንድ ይዞ ቆሟል። ወይዘሮ አስካለ ግን ዓይናቸው ከፍ አለ፤ ፎቶው ውስጥ ባለው ማማ ላይ አረፈ።

«ይኼ ማነው?» አሉ።

ማማው ላይ አቶ ዘለቀ ወንጭፋቸውን ታቅፈው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ተኝተዋል።

«አንተ ሰውዬ! ዓይንህን ሳትከድን ነው የምትጠብቀው? ለዚህ ነው ዛፍ ልትጥል የነበረው?»

አያ ዝንጀሮ ሰው ሁሉ ወደ ፎቶው ሲያይ ጊዜ አገኘ፤ ዘመዶቹን አስከትሎ ወደ ገደሉ ፈረጠጠ። አቶ ዘለቀ መጥረቢያውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት።

«ድንቄ፣ አጥፍቻለሁ» አሉ። «እኔ ሳላይ ፈረድኩ፤ አንቺ አይተሽም ታገሥሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማማው ላይ የሚወጡት ወይዘሮ አስካለ ሆኑ። በወንጭፍ ሲወረውሩ አይስቱም ነበርና ዝንጀሮዎቹ ማሳውን ረሱት። ጫካውም ቆመ። ጋሽ ሽብሩ ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጥላው ትንሽ ከብዷል» አሉ። ከዚያ ፈገግ ብለው ሳጥኑን ወደ ድንቄ ገፉት። «ካሜራው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው።»

ልጆቼ፣ እውነቱን በመጀመሪያው ቀንም ድንቄ አይታው ነበር፤ ማየቷ ብቻ ጫካውን አላዳነውም። ያዳነው ሁለቴ አበላሽታ ለሦስተኛ ጊዜ መነሳቷ፣ የመጨረሻውንም ጠርሙስ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ መጠበቋ ነው። እናንተም እውነት ስትይዙ ሳትጨርሱት ይዛችሁት አትሩጡ።

እኔ ተረቴን አጥቤ ሰቅያለሁ፤ ሲደርቅ አውርዳችሁ ውሰዱት።