የጎርዲት እሳትና የውሃ አባቱ ዶማ

በአንድ ወቅት፣ ፀሐይ ባለቤት ዝናብ እንግዳ በሆነበት ቆላ፣ ጎርዲት የሚባል በረሃ ነበረ። ቋጥኙ ቀይ፣ ገደሉ ጥልቅ፣ ሣሩ ወገብ የሚደርስ ነው። ከከተማና ከባሕር ማዶ ሰዎች እየመጡ በእግራቸው ይዞሩበታል። የጠፋ ከብት አይፈልጉም፣ ዘመድ አይጠይቁም። ዝም ብለው ይሄዳሉ፤ ደክሟቸው ሲመለሱም ደስ ይላቸዋል። የአገሩ ሰዎች መጀመሪያ ይስቁባቸው ነበር። ኋላ ግን በቅሎ እያከራዩ፣ መንገድ እየመሩ ለመዷቸው።

ከገደሉ አፋፍ ላይ አንዲት መንደር አለች፤ ቀይ አፋፍ ትባላለች። ማሳዎቿ ከገደሉ ጫፍ ጀምረው ወደ ቤቶቹ ይወጣሉ። ከቤቶቹ በላይ ደግሞ ኩሬው ነው። ኩሬው ከአንዲት ቀጭን ምንጭ ይሞላል፤ አፉ በጭቃ ውታፍ ይደፈናል። ውታፉ በዶማ ሲመታ ውሃው በቦይ ወርዶ በቤቶቹ ሥር ያልፋል፣ ማሳውን ያጠጣል፣ የተረፈው በፈፋው አድርጎ ወደ ገደሉ ይገባል። ያን ውታፍ የሚመታው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የውሃ አባት ይባላል። ለማን መቼ ስንት ውሃ እንደሚገባው የሚወስነው እሱ ነው። በቃሉ ላይ ይግባኝ የለም።

ከጥምቀት በኋላ ኩሬው ይታሸጋል። ዝናብ እስኪመጣ ለመጠጥ በእንስራ ይቀዳል እንጂ ውታፉ አይነካም። የነካ ከአገር ይውጣ ተብሎ ተምሏል።

ሌላም የቆየ ልማድ ነበራቸው። በየታኅሣሡ በገደሉ ጫፍ ያለውን ሣር በጥንቃቄ አቃጥለው መሬቱን ያራቁቱታል፤ ከታች እሳት ቢነሣ የሚበላው እንዲያጣ። ይህን ግን ተዉት። እንግዶቹ ወርቃማውን ሣር ወደዱት፣ ፎቶ አነሡት። መንደሩ ተሰብስቦ፣ «ለዓይን ያማረውን አናክስለው» ብሎ ተስማማ። ሣሩም ዓመት በዓመት ላይ እየደረቀ ቆመ።

በዚያ ዘመን የውሃ አባት የነበረው አጎናፍር ነው። ከሚናገረው የሚውጠው የሚበዛ ሰው ነበር። ጉልበቱ ስለደከመ ወደ ኩሬው የሚወጣው በምርኩዝ ነው። በሚመጣው ክረምት ዶማውን ሊያስረክብ ወስኗል። የቀይ አፋፍ ሕግ ግን ዶማው ለበኩር ይሁን አይልም። «በክፉ ቀን ውሃውንና አገሩን ያልካደ ይያዘው» ይላል። ከዚህ ሌላ ቃል የለውም።

አጎናፍር ሦስት ልጆች ነበሩት። ደምለው የበኩር ልጁ ነው። ባንችአየሁ እንግዳ ወደ ገደሉ እየመራች የምታወርድ ሴት ልጁ ናት። ቢምረው የጡት ልጁ ነው፤ ወላጆቹ ሲሞቱበት አጎናፍር አውራ ጣቱን በማር ነክሮ በሽማግሌ ፊት አጥብቶ ወሰደው።

በመጋቢት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጎርዲት ሥር ጭስ ተነሣ። ማን እንደጫረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ነበር። ቀይ አፋፍ ጭሱን ስታይ እሳቱ የገደሉን ወገብ ይዟል።

ከወረዳ ስልክ ተደወለ። «መንደሩን ለቃችሁ ውጡ። መኪና እንልካለን» አለ አንድ ሰው።

«ኩሬውንም ትጭኑታላችሁ?» አለ አጎናፍር።

መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን ላቀበለው ሰው መለሰና ሕዝቡን አዘዘ። «እርጥብ ቅጠል ቁረጡ። ከኩሬው በታች ተሰልፋችሁ ቁሙ። ልጆቼም ሆናችሁ ሌላው፣ ማንም እንዳይነቃነቅ። ባንችአየሁ ብቻ ፍየሎቹን ከአቀበቱ ታውጣና ትመለስ።»

ፍየሎቹ የመንደሩ ሁሉ ናቸው። ባንችአየሁ ሮጣ ወረደች። አጎናፍር ከላይ ሆኖ በዓይኑ ተከተላት። መንጋው ጋ ደረሰች፤ አልፋው ሄደች።

«ፍየሎቹ ወዲህ ናቸው!» ብሎ ጮኸ።

«ሰዎቹ ወዲያ ናቸው!» አለችው ሳትዞር።

ጠዋት ራሷ ከእንስራዋ ውሃ አጠጥታ ያወረደቻቸው እንግዶች ገደሉ ውስጥ ነበሩ። አገኘቻቸው፤ ጭስ አደናግሯቸው በአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ አለባቸው። «እህቴ፣ ይሄ በጉዞው ፕሮግራም ውስጥ ነበር?» አላት።

«ሻንጣህን ጣል» አለችው።

«ውስጡ...»

«ጣል አልኩህ። ከሻንጣህ ጋር መሞት ከፈለግህ ቅር፤ እኔ ጊዜ የለኝም።»

ጣለው። ወደ መውጫው መንገድ ይዛቸው ስትወጣ፣ ከላይ ከገደሉ ጫፍ ሌላ ነበልባል ተነሣ። መንገዷ ተዘጋ።

ያን ነበልባል የለኮሰው ወንድሟ ነው። አጎናፍር ደምለውን ያየው የደረቀ አገዳ ጠቅልሎ ችቦ ሠርቶ ወደ ማሳው ሲወርድ ነው።

«ወዴት?»

«እሳቱን ልቀበለው። ከዚህ ሲደርስ የሚበላው ካጣ ይሞታል።»

«በማን ማሳ ላይ?»

«በኔ። ከዚያ በእማማ እንጉዳይ።»

«ጎተራዋ ማሳው ላይ ነው። ፈቅዳልሃለች?»

«አልጠየቅኋትም።»

«እህትህ ገደል ውስጥ ናት።»

ደምለው ቆመ። ችቦው በእጁ ይነድዳል። ወደ ገደሉ አየ፣ ወደ ቤቶቹም አየ። «አውቃለሁ» አለ። «መንደሩ ደግሞ እዚህ ነው።» ወረደና ለኮሰው። የራሱ ጎተራ ነደደ፤ የወይዘሮ እንጉዳይም ነደደ። የዓመቱ የከብት መኖ የሆነው የአገዳ ክምር ሁሉ ነደደ። ደምለውም ፊቱ እየተለበለበ እሳቱን በቅጠል እየገረፈ ወደ ገደሉ ነዳው።

ለጥቂት ጊዜ ነፋሱ ረግቦ ታዘዘለት። ከዚያ እንደ ቀድሞው ወደ ላይ ተነሣ። ደምለው ወደ ታች የነዳው እሳት በግራ በኩል ተመልሶ ወደ ቤቶቹ ማየት ጀመረ። በቅጠል የተሰለፉት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ።

ያን ጊዜ ቢምረው ከሰልፉ ወጣ። አባቱ አጠገብ ተንበርክኮ ዶማውን ከመሬት አነሣ።

«አስቀምጠው» አለ አጎናፍር።

«አላስቀምጥም፣ አባ።»

«መሐላውን ታውቃለህ። ከአገር ያስወጣል።»

«እሺ አስወጡኝ። ግን የምታስወጡኝ አገር ይትረፍ።»

አጎናፍር በምርኩዙ መንገድ ዘጋበት። ቢምረው አባቱን አልገፋውም፤ ዞሮት አለፈ። ውታፉን መታው። የጭቃው ውታፍ ተሰነጠቀ፣ ዳግም ሲመታው ተበረገደ፣ ኩሬው በሙሉ ገሰገሰ። ለመጠጥ የተጠበቀው ውሃ ቦዩን ሞልቶ ፈሰሰ፣ ከቤቶቹ ሥር ያለውን መሬት ሁሉ አጨቀየው። ወደ ቤት የዞረው እሳት ጭቃው ላይ ደርሶ ተኮማተረ። ውሃው ግን አልቆመም። በፈፋው አድርጎ ወደ ገደሉ ተወረወረ።

በፈፋው ውስጥ ደግሞ ባንችአየሁ እንግዶቹን ከድንጋይ ጋር አጣብቃ አስተኝታ ነበር። ከላይ የወንድሟ እሳት፣ ከታች የማይታወቅ ሰው እሳት ይመጣባታል። ውሃው ሲደርስባት ምንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን ነከረች፣ ልብሳቸውን አስነከረች፣ ፊታቸውን ጭቃ ውስጥ አስቀበረች። ሁለቱ እሳቶች በላያቸው ላይ ተገናኙ፤ ሣሩን ጨርሰው እርስ በርስ ተባሉና ጠፉ።

ከሰዓት በኋላ ባንችአየሁ በጠቆረው ገደል ሽቅብ ወጣች። እንግዶቹ አንድም ሳይጎድል ከኋላዋ ተከተሏት። ወፍራሙ ሰውዬ ቅንድቡ ተቃጥሏል። አጎናፍር ልጁን አላቀፋትም። አጠገቧ ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ ምርኩዙ ከእጁ ወደቀ፣ ሳያነሣው ቆየ።

በማግስቱ ጠዋት መንደሩ በባዶው ኩሬ ዙሪያ ተቀመጠ። አንድም ሰው አልሞተም፣ አንድም ቤት አልተቃጠለም። ነገር ግን ሁለት ጎተራዎችና መኖው አመድ ሆነዋል፣ ፍየሎቹ አልቀዋል፣ ኩሬው ደርቋል። የቀረው የምንጩ ጠብታ ነው። ዝናብ እስኪመጣ ያን ጠብታ ለቤት ሁሉ የሚያካፍል እጅ ያስፈልጋል። አጎናፍር ክረምቱን መጠበቅ አልቻለም፤ ጠብታ ለማካፈል ቀን ከቀን ምንጩ ላይ መቆም ይጠይቃል፤ ጉልበቱ አይችልም።

ወይዘሮ እንጉዳይ ቀድማ ተናገረች። «ጎተራዬን ያነደደ ሰው ነው ውሃዬን የሚለካልኝ? አጎናፍርን የመሰለ ሰው ይህን ይውለድ? እሳት አመድ ወለደ ማለት ይሄው ነው።»

«የኔም ጎተራ አብሮ ነዷል፣ እማማ» አለ ደምለው።

«አንተማ የራስህን ጠይቀሃል።»

ሰው ሳቀ። ደምለው አልሳቀም። «ውሃውን አልነካሁም፤ አገሩን አልለቀቅኩም። እሳቱን የሚበላው ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው» አለና ተቀመጠ።

ጥጋቡ የሚባል ብዙ ፍየል የነበረው ሰው ወደ ባንችአየሁ ዞረ። «የውሃ አባት ነው የሚባለው። የውሃ እናት ሲባል ሰምተን አናውቅም።»

«አያ ጥጋቡ፣ እሳቱ ሴት መሆኔን አላየልኝም።»

«ፍየሎቼን ግን አይቷቸዋል። እያየሻቸው አለፍሽ።»

«አለፍኳቸው። ደግሞ ቢመጣም አልፋቸዋለሁ። ውሃችንን ጠጥቶ የወረደ ሰው በእጃችን ያለ ሰው ነው። እሱን ለእሳት ከሰጠን የምንጠብቀው የቱን ውሃ ነው? እኔ ውሃውንም አገሩንም አልካድኩም።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አያ፣ እኔ ውስጥ እንዳለሁ እያወቅህ ለኮስህ?»

«እያወቅሁ።»

«ብሞትስ?»

«መንደር ከምቀብር አንቺን ባለቅስ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

«እኔም መንደሩን ትቼ ነው የወረድኩት። አልወቅስህም» አለች። «ዶማውን ግን አልለቅልህም።»

ቢምረው ልብሱን በጋቢ ጠቅልሎ አጠገቡ አስቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ይህን አይተው፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በጣት ማር የመጣ ልጅ ኩሬያችንን ደፍቶ ሊሄድ ነው» አሉ።

ቢምረው ተነሣ። «ያን ማር ስጠባ ምስክር ከነበሩት አንዱ እርስዎ ነዎት፣ አባቴ። ዛሬ ከረሱት እኔ አላስታውስዎትም። መሐላውን አፍርሻለሁ፤ ሂድ ካላችሁኝ እሄዳለሁ። ነገር ግን ውሃ የሚጠበቀው ለምን ቀን ነው? ከትናንት የከፋ ቀን ካላችሁ ንገሩኝ። እህቴና እንግዶቹ የነከሩት ነጠላ በምን ረጠበ? የእናንተስ ቤት በምን ቆመ?»

«ውሃ የሚጠብቅ ውሃ ይደፋል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«የማይከፍት ጠባቂ ከውታፍ በምን ይሻላል?»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ፣ «ለሦስቱም ይሰጥና እንገላገል» አለ።

አጎናፍር ያን ጊዜ ተናገረ። «ዶማው አንድ እጀታ ነው ያለው። ሦስት ሰው የሚያዘው ውሃ የማንንም ማሳ አያጠጣም።» በምርኩዙ ልጆቹን አመለከተ። «ትናንት ሦስቱንም አዘዝኳቸው። ሦስቱም እምቢ አሉኝ። ታዝዘው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ የሚሰድባቸው ሰው አይኖርም ነበር። እኔን ጨምሮ።»

ይህን ብሎ ወደ ባዶው ኩሬ ወረደ። ዶማውን በተሰነጣጠቀው ጭቃ መሃል አጋደመው። ከምንጩ ሥር የተኮለኮሉት እንስራዎች የመጀመሪያዋን ጠብታ እየጠበቁ ነው። ሦስቱም ልጆች ከኩሬው ጫፍ ቆመዋል፤ ማንም ዓይኑን አልሰበረም።

ቀይ አፋፍ ያን ቀን እስኪመሽ ተከራከረች። እናንተም የውሃ ጥማት ባለባት በዚያች መንደር ውስጥ እንደተቀመጣችሁ ሁናችሁ ፍረዱ። ደምለው ባይለኩስ እሳቱ ቤቶቹን በልቶ ኩሬው ዳር ይደርስ ነበር፤ ግን እህቱን እያወቀ ዘጋባት፣ የሰው ጎተራም ሳይጠይቅ አነደደ። ባንችአየሁ ባትወርድ የመንደሩን ውሃ የጠጡ እንግዶች አመድ ይሆኑ ነበር፤ ግን የመንደሩን ሀብት ጥላ ሄደች። ቢምረው ባይከፍት ቤቱም እህቱም አይተርፉም ነበር፤ ግን ውሃውን የጨረሰው እሱ ነው፣ የሕዝብን መሐላም ረግጧል። ሕጉ፣ «በክፉ ቀን ውሃውንና አገሩን ያልካደ ይያዘው» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለም።

ታዲያ ዶማውን ከጭቃው ማንሣት የሚገባው ማን ነው?