የወደቀ ሁሉ ታማሚ ነው

ተረት ተረት!

«የጎተራ በረከት!» በሉኝ እንጂ፣ ልጆች። ዝም ብሎ ለሚሰማ ጆሮ ተረት አይነገርም። እንግዲህ ተጠጉና ስሙ።

ከብዙ ዘመን በፊት፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ልጆች ሳሉ፣ ጉብላ የሚባል አገር ነበር። ጉብላ ላይና ታች ነበረው። ላይ፣ በአምባው ራስ፣ ፊታውራሪ ጓንጉል ከነቤተ ሰባቸው ይኖሩ ነበር። ታች፣ በአምባው እግር፣ የቀረው ሰው ሁሉ ይኖር ነበር። ፊታውራሪ አሥራ ሁለት የእህል ጉድጓድ ነበራቸው። የታቹ ሰው ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ነበረው፤ ከነዚያም በአራቱ ብቻ ይጠግብ ነበር።

ከታቹ ሰው መካከል ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሥራዋ የፊታውራሪን እህል መፍጨት ነው። ጧት ወደ አምባው ትወጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ድንጋይ ላይ ታጎነብሳለች፤ ማታ ለሁለት ሴት ልጆቿ አንድ እፍኝ ዱቄት ይዛ ትወርዳለች። ከዚህ ሌላ ያላት ሀብት አንዲት ፍየልና አንድ እንስራ የገብስ ዘር ነበር። ያን ዘር ልጆቿ በጣታቸው እንኳ አይነኩትም። «ይህ ምግብ አይደለም፤ የሚመጣው ዓመት ነው» ትላቸው ነበር።

በአንድ የመጋቢት ወር መጨረሻ ነጋዴዎች ከቆላ ጨው ይዘው መጡ። ከጨው ጋር በሽታ ይዘው መጡ። ትኩሳት ነው፤ ሳል ነው፤ በሦስተኛው ቀን ቀብር ነው። ወሬው አምባው ራስ በደረሰ ዕለት የፊታውራሪ ሚስትና ልጆች በበቅሎ ተጭነው ወደ ሌላው ርስታቸው «ለነፋስ» ሄዱ። አሽከሮቹ «አፍ በዛ» ተብለው ተሰናበቱ። ፊታውራሪ ከነጋሪት መቺያቸው ከቢተው ጋር ብቻ ቀርተው በራቸውን ዘጉ። ከዚያም «ሕዝቤን ማዳን አለብኝ» አሉ።

ቢተው ከአምባው ጫፍ ቆሞ ነጋሪቱን ጎሰመ።

«ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሁሉም ቤቱ ይቀመጥ! ገበያ የለም! ደቦ የለም! ከደጁ የወጣ ይገረፋል! የወደቀ ሁሉ ታማሚ ነው! በወደቀው ሰው ደጃፍ አመድ ይነስነስ፤ አመዱን አርባ ቀን ማንም እንዳይሻገር! የታማሚውን እህልና ከብት ጤነኛ ሰው ይጠብቅለት!»

«ጤነኛው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ ሸማኔው አሻግሬ ከታች።

«ፊታውራሪ ናቸዋ!»

ልጆች፣ ምክሩ ክፉ አልነበረም። በበሽታ ዘመን ደጃፍ ላይ አመድ መነስነስ የአገሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ስንቱን ሰው አድኗል። ክፉው ነገር ከምክሩ ጋር ምንም አለመላኩ ነበር። አሥር ክፍል ላለው ሰው ቤት መቀመጥ ዕረፍት ነው። የዕለት ጉርሱን በዕለት ላቡ ለሚያገኝ ሰው ግን ቤት መቀመጥ ሌላ ስም አለው።

ሳምንት ቆይቶ ነጋሪት ተጎሰመ። «እጃችሁን በቀን አምስት ጊዜ ታጠቡ!»

«ውሃው ያለው ወንዝ ነው፤ ወንዙ ያለው ከደጃችን ውጭ ነው» አለ አሻግሬ።

ቢተው ሄዶ ጠየቀና ተመለሰ። «ፊታውራሪ ‹ክረምት ሲገባ ዝናብ አለ› ብለዋል።»

ሌላ ሳምንት ቆይቶ ነጋሪት ተጎሰመ። «ሰውነታችሁ እንዲበረታ ደህና ደህና ነገር ብሉ! ጧት ማር! ቀትር ሥጋ! ማታ ቅቤ!»

«አዋጁን ለመፈጸም ተዘጋጅተናል በልልኝ» አለች ደብሪቱ። «የቀረን ማሩ፣ ሥጋውና ቅቤው ብቻ ነው።»

ሰው ሁሉ በየቤቱ ሳቀ። የተራበ ሰው ሳቅ ግን አጭር ነው።

ደብሪቱ ራሷ ቤት አልተቀመጠችም። ፊታውራሪ በሽታን ቢፈሩም እንጀራን አይጠሉም። ስለዚህ ቢተው ወደ እሷ፣ ወደ ውሃ ቀጂዋና ወደ እንጨት ለቃሚው ሄዶ በጆሯቸው «አዋጁ እናንተን አይመለከትም» አላቸው።

«እንዴት አይመለከተንም?» አለች ደብሪቱ።

«ለፊታውራሪ ሥራ የወጣን ሰው በሽታው አይነካውም።»

«በሽታውም ጌታ ያውቃል እንዴ?»

ቢተው ዳገቱን ተመልሶ ወጣ። ወፍጮው ከአጥሩ ውጭ ተተከለ። እህሉ በቅርጫት ከአጥሩ በላይ ይወርዳል፤ ዱቄቱ በቅርጫት ከአጥሩ በላይ ይወጣል። የደብሪቱ እፍኝ ዱቄት ግን ግማሽ እፍኝ ሆነ። «ዘመኑ ክፉ ነው» አሏት ፊታውራሪ፣ አፋቸውን እየጠረጉ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የደብሪቱ ታላቅ ልጅ ትርንጎ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ልትቀዳ ወደ ወንዝ ወረደች። የወጣችው አዋጅ ልትፈጽም ነው። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበርና ስትመለስ ከነእንስራዋ ወደቀች። ቢተው አያት።

«ወደቀች!»

«ርቧት እኮ ነው!» አለች ደብሪቱ እየሮጠች። «ርቧት ነው፣ ቢተው! አንተም ታውቃለህ!»

«አዋጁ የአወዳደቅ ዓይነት አይለይም። የወደቀ ሁሉ ታማሚ ነው።»

በደብሪቱ ደጃፍ አመድ ተነሰነሰ። እንደ ሌሎቹ የወደቁ ሰዎች ከብትና ዘር ሁሉ፣ ፍየሏ በገመድ፣ የዘር እንስራዋ በትከሻ ወደ አምባው ወጡ። «እንጠብቅልሻለን» አላት ቢተው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

እናትና ልጆች አርባ ቀን ተዘጉ። የግድግዳ ጎረቤታቸው ሸማኔው አሻግሬ ባይኖር ኖሮ የሚቆጠረው የመቃብር ቀን በሆነ ነበር። በየማታው ከራሱ ደጃፍ ሳይወጣ፣ ካለችው ጥሬ ላይ ቀንሶ በረጅሙ የሸማ እንጨቱ ጫፍ ላይ ያስራትና በአመዱ ላይ ወደ ውስጥ ይዘረጋላቸዋል። «እኔ እንዳልሻገር ነው የተከለከልኩት» ይል ነበር። «እንጨቱን ማንም አልከለከለውም።» ትርንጎ ጥሬ በቀመሰች ማግስት ተነሥታ ተቀመጠች። በሽታዋ ይኸው ነበር።

አርባው ቀን ሲሞላ ሰኔ ደርሷል። ከተራራው ጀርባ ደመና ይከማቻል። በመጀመሪያው ዝናብ ዘር ያልዘራ ሰው ለዓመቱ ምንም የለውም። ደብሪቱ ወደ አምባው ወጥታ ከአጥሩ ሥር ቆመች።

«ጌታዬ፣ ቀኔ ሞልቷል፤ ልጆቼም እኔም ጤነኞች ነን። የጠበቁልኝን ዘር ይመልሱልኝ።»

ፊታውራሪ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። «ዘርሽ ከእኔ እህል ጋር ተደባልቋል፤ ማን ይለየዋል? ፍየሏንም ጠብቄልሽ ነበር፤ የቻልኩት ግን እስከ ፋሲካ ነው። ይልቅ ነገ ማልደሽ ነይና ፍጪ። ባንቺ ቦታ የመጣችው ፈጪ ዱቄቷ ሻካራ ነው።»

ደብሪቱ እጅ ነሥታ ወረደች። ወደ ፈጪዋ ደጅ፣ ወደ ውሃ ቀጂዋ ደጅ፣ ወደ እንጨት ለቃሚው ደጅ ሄዳ ራቅ ብላ ቆመች። ሦስቱንም አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«አዋጁ ምን ይላል?»

«ቤትህ ተቀመጥ ይላል።»

«አይመለከታችሁም የተባልነውስ በነጋሪት ነው?»

«አይ፣ በጆሮ ነው።»

«እንግዲያው አዋጅ አይደለም። ጌታችንን እንታዘዛቸው። አንዲት ቃል ሳናጎድል እንታዘዛቸው።»

በማግስቱ ውሃ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን እንጨት አለቀ። በአምስተኛው ቀን ዱቄት አለቀ። የአሥራ ሁለት ጉድጓድ ጌታ እንደ ፈረስ ጥሬ ገብስ ይቆረጥሙ ጀመር። ፈረስ ግን ጥርስ አለው።

ቢተው ወደ ታች ተላከ። «ፊታውራሪ ‹ካልወጣችሁ ትገረፋላችሁ› ይላሉ!»

«ብንወጣስ?» አለች ደብሪቱ።

ቢተው አሰበ። «ብትወጡም ትገረፋላችሁ። አዋጅ ነው።»

«እንግዲያው እዚሁ ተቀምጠን እንገረፍ፤ ዳገቱ ይቀርልናል።»

ሁለተኛ ተላከ። «ፊታውራሪ ‹ልጆቼ፣ ናፈቃችሁኝ› ይላሉ!»

«እኛም ስለምንሳሳላቸው ነው የቀረነው። በሽታ እንዳናመጣባቸው።»

ሦስተኛ ተላከ። «ፊታውራሪ ‹ለእያንዳንዳችሁ ሙሉ እፍኝ ዱቄት› ይላሉ!»

«ዱቄቱን ማን ፈጭቶት?»

ቢተው ወደ ዳገቱ ሊመለስ ዞረ።

«ለወደቁት ሁሉ ዘራቸውን ይመልሱ» አለች ደብሪቱ። «ከዚያ በኋላ ነጋሪት ይጎሰም፤ እንወጣለን።»

ፊታውራሪ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። በቤት ያለው ጥሬም አልቋል። «ለነዚህ ዘር ከምሰጥ ጉድጓዴን ራሴ እከፍታለሁ!» አሉ።

ልጆች፣ የእህል ጉድጓድ እንዴት እንደሚከፈት ታውቃላችሁ? የታች ሰው ሁሉ ያውቃል። ታሽጎ የከረመ ጉድጓድ የሚገድል ትንፋሽ አለው። ክዳኑ ተነሥቶ ውሎ ያድራል። ከዚያ የበራ ጧፍ በገመድ ይወርዳል። ጧፉ ከጠፋ ሰው አይገባም። ፊታውራሪ ጉድጓዱን እንጂ አከፋፈቱን አያውቁም፤ ዕድሜ ልካቸውን የከፈቱላቸው ሌሎች ናቸው።

ቢተው ክዳኑን በዘንግ ፈንቅሎ ካነሣ በኋላ ራሱን አከከ። «ጌታዬ፣ ሲከፍቱ ከመግባታቸው በፊት የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር መሰለኝ።»

«የሚያደርጉት ስርቆት ነው!» አሉ ፊታውራሪ። «አንተንም አላምንህም። እኔው እወርዳለሁ።»

በርኖሳቸውን እንደለበሱ መሰላሉን ያዙ። አንድ ደረጃ ወረዱ። ሁለት ወረዱ። በሦስተኛው ዓይናቸው ተገለበጠና ወደቁ። ደግነቱ በርኖሳቸው በመሰላሉ ጫፍ ተያዘና በጉድጓዱ አፍ እንደ ቋንጣ ተንጠለጠሉ። ቢተው ጎተተ፤ አልተነቃነቁም። ፊታውራሪ ራሳቸው አንድ ጎተራ ያህሉ ነበር።

ነጋሪቱን እንዳንጠለጠለ ቁልቁለቱን ሮጠ። «ድረሱ! ፊታውራሪ ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ!»

ሁሉም ሰማ። ማንም አልወጣም።

«ድረሱ እንጂ!»

«ከደጁ የወጣ ይገረፋል» አለ አሻግሬ ከቤቱ ውስጥ።

«ማን ይገርፋችኋል? እኔ አልገርፍም!»

«በነጋሪት በለው» አለች ደብሪቱ። «ደግሞም ቶሎ በል፤ ሰውየው ይሞታሉ።»

ቢተው ነጋሪቱን ደበደበው። «ስማ! ሁሉም ይውጣ! የወጣ አይገረፍም!»

ያን ጊዜ የታቹ ሰው ሮጠ። ከልቡ ሮጠ። ደብሪቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከፊት ነበረች። በቁርበት የጉድጓዱን አፍ አራገቡ፤ በፊታውራሪ ብብት ገመድ አሳለፉ፤ ስድስት ጎልማሶች ስበው አወጧቸው። ሣር ላይ አጋድመው ውሃ ረጩባቸው። ፊታውራሪ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ሆኜ ነው?»

«ወድቀው ነው፣ ጌታዬ» አለች ደብሪቱ።

ሰው ሁሉ ቢተውን አየው። ቢተው ነጋሪቱን አየ።

«የወደቀ ሁሉ…» ብሎ ጀመረና አቆመ።

«ታማሚ ነው!» አለ ሕዝቡ።

«አልታመምኩም!» ብለው ጮኹ ፊታውራሪ። «የጉድጓድ ትንፋሽ ነው!»

«አዋጁ የአወዳደቅ ዓይነት አይለይም» አለች ደብሪቱ።

አመድ ተፈለገ። ምንም ያልበሰለበት የታች ምድጃ አመድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ከፊታውራሪ ከራሳቸው ምድጃ ተዛቀ። ፊታውራሪን ወደ አልጋቸው አስገብተው፣ ወጥተው፣ አመዱን በደጃፋቸው ነሰነሱ።

ፊታውራሪ በመስኮት ብቅ አሉ። «እህሌስ?»

«የታማሚውን እህል ጤነኛ ሰው ይጠብቅለታል።»

«ጤነኛው ማን ነው?»

«አርባ ቀን በአመድ ታጥሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ማን አለ?» አለች ደብሪቱ። «አይጨነቁ። ግማሹን በሆዳችን፣ ግማሹን በመሬት ውስጥ እንጠብቅልዎታለን።»

አሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች በወጉ ተከፈቱ። ውለው አደሩ፤ ጧፍ ወረደባቸው፤ ጧፉ አልጠፋም። በመጀመሪያ ለየቤቱ ዘር ተሰፈረ፤ ቀጥሎ ቀለብ ተሰፈረ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ፤ የጉብላም በሬዎች ተጠመዱ።

ቢተውም የድርሻውን ተሰፍሮለት፣ በየጧቱ ከአመዱ ወዲህ ቆሞ ለአንድ ሰው ነጋሪት ይጎስም ነበር። «ቤትዎ ይቀመጡ! እጅዎን ይታጠቡ! ደህና ደህና ነገር ይብሉ!»

የታቹ ሰው ግን ፊታውራሪን አላስራበም። በየጧቱ አንድ ቁና ገብስና አንድ እንስራ ውሃ፣ ከጭራሮ እንጨት ጋር፣ በአሻግሬ ረጅም እንጨት እየተገፋ በአመዱ ላይ ይገባላቸዋል። አመዱ ከመነስነሱ በፊት ደግሞ ደብሪቱ ወፍጮውን ከነመጁ ወደ ግቢው ውስጥ አስገብታላቸው ነበር። በዚያ አርባ ቀን ፊታውራሪ ጓንጉል መፍጨት ተማሩ።

ዱቄታቸው ሻካራ ነበር ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በጉብላ ነጋሪት በተጎሰመ ቁጥር ሰው አስቀድሞ «ከአዋጁ ጋር ምን ተላከ?» ብሎ ይጠይቃል። የአገራችን ሰውም «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም» ይላል።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅር፤ ዳቦውን ደጁ ለተዘጋበት ጎረቤት አድርሱልኝ።