የሁለት ጎሬ እናት

ተረት ተረት! ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ።

አንዲት ጥንቸል፣ ጠላት ሁለቱን ልጆቿን ባንዴ እንዳይበላባት ብላ አንዱን ከቁጥቋጦ ሥር፣ ሌላውን ከድንጋይ ሥር ደበቀች። ከቁጥቋጦው ስትደርስ ልቧ ከድንጋዩ ይቀራል፤ እንደምንም ልቧን ሰብስባ ጡት ልትሰጥ ስትል ደግሞ የዚያኛው ነገር ትዝ ይላትና ብድግ ትላለች።

ጎረቤቷ ኤሊ፣ «እመት ጥንቸል፣ ምነው ካንዱ ዘንድ አረፍ ብትይ?» አለቻት።

«ሌላውንስ ማን ያስብልኛል?» ብላ ሮጠች።

ቀበሮ ከመንገዱ መሀል ተጋድሞ ነበር፤ ጭራውን እስክትረግጠው ድረስ አላየችውም።

«የትኛውን ልጄን ልትበላ መጣህ?» አለችው።

«ልጆችሽ የት እንዳሉም አላውቅ፤ እኔ የምጠብቀው መንገዱን ነው» አላትና ዘሎ ያዛት።

ልጆቹ እየራባቸውም ድምፅ አላሰሙም። እያንዳንዳቸው፣ «እናቴ ከወንድሜ ዘንድ ናት፤ አሁን ትመጣለች» እያሉ ጠበቁ።