ንብ አናቢውና አሮጌዋ የናፍጣ መኪና

«አንድ ንብ አናቢ ነበረ» ብለው ጀመሩ መሪጌታ ይትባረክ።

የጠየቃቸው ሽባባው የሚባል አናጺ ነው። «መሪጌታ፣ ቁጣዬን ልይዘው እሞክራለሁ፤ አልያዝ አለኝ» ብሏቸው ነበር። «ቃል እገባለሁ፣ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ መጨረሻው ግን ያው ነው። ትናንት ገና ቤት ስገባ ትንሿ ልጄ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። አንድ ቃል እንኳ አልተናገርኩም። ተፈጥሮዬ ከሆነ ቤቱን ትቼላቸው ብሄድ አይሻልም?»

መሪጌታ ለጥያቄው ወዲያው መልስ አልሰጡም። እንዲህ እያሉ ታሪኩን ቀጠሉ።

ይህ ንብ አናቢ የሚኖረው ደጋ ላይ ነው። ማሩን የሚሸጥበት ከተማ ግን ቆላ ነው። በመካከሉ ረጅም፣ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ብዙ ዘመን ማሩን በሰው መኪና እያስጫነ ኖረ። ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣና አንዲት አሮጌ የናፍጣ መኪና ገዛ። የሸጡለት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ ሲስተር እያለ የሚጠራቸው። በዚያች መኪና ገጠር ለገጠር እየዞሩ ሲያዋልዱ የኖሩ ሴት ናቸው።

ሰውዬው መንዳት የተማረው በቤንዚን መኪና ነው። በመጀመሪያው ብርዳማ ጠዋት ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ሳለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ጠፋች። ደጋግሞ አዞረ። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ አዞረ። ከዚያ ወደ ሲስተር ሄደ።

«ቁልፉን ግማሽ አዙርና ጠብቅ» አሉት። «ከመሪው ፊት ያለችው ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ቁልፉን አትንካ። ናፍጣ በብርድ ሳይሞቅ አይነሳም።»

ጠበቀ፤ ተነሳች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዳገት ላይ አቅም አነሳት። የነዳጅ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ትንሽ ባልቦላ ከፍቶ የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ እንዳለበት አሳዩት። አንድ ቀን ነዳጅ አለቀባት፤ ናፍጣ ቀድቶ ቢሞላትም አልነሳ አለች። ቧንቧው ውስጥ አየር ገብቶ ነበር። አየሩ በአረፋ እየወጣ እስኪያልቅ ድረስ ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ መግፋትን ተማረ። እየቆየ ሁሉን ለመደ። ዘይቷን ሳያይ አይወጣም፣ ጎማዋን ሳይመታ አይሳፈርም። ሚስቱ አንድ ቀን ቆማ ስታየው ቆየችና «ለመሆኑ እኔን እንዲህ አገላብጠህ አይተኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

አማቱ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኗቸው ነበር። በዚያ ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ቆላው ከተማ መጥተው ሕክምና እንደሚሰጡ ተሰማ። ንብ አናቢው አማቱን ከፊት፣ ሚስቱን ከኋላ አስቀመጠ፤ በዚያው እሸጣለሁ ብሎም ብዙ ማር ጫነ። ቁልቁለቱ ሲጀምር መኪናዋ በራሷ ትሮጥ ጀመር። ደስ አለው። ማርሹን አራተኛ ላይ እንዳለ ተወውና እግሩን ፍሬን ላይ አሳረፈ። በየኩርባው ይረግጣል፤ መንገዱ ቀጥ ሲልም ይረግጣል።

ግማሽ መንገድ ሲደርሱ አማቱ «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አሉ።

«አስፋልቱ ነው እማማ፤ ፀሐዩ ጠንክሯል» አላቸው።

ሁለት ኩርባ እንዳለፈ ፍሬኑ ከእግሩ ሥር ለሰለሰ፤ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ማርሹን ሊቀንስ ሞከረ። ሞተሩ ተንጫጨ እንጂ ማርሹ አልገባም። በአንድ በኩል ገደል ነው፤ በሌላው በኩል ተራራው ነው። በተራራው ጥግ መንገድ ሠራተኞች የከመሩት ጠጠር ነበር። ወደዚያ ጠመዘዘ። መኪናዋ ጎኗን ዐለቱ ላይ እየፋቀች ጠጠሩ ውስጥ ገብታ ቆመች።

የተፈነከተ ሰው የለም። የአንዱ የማር ጣሳ ክዳን ተከፍቶ ማሩ በወንበሩ ሥር ይፈስ ነበር።

«ደረስን እንዴ?» አሉ አማቱ።

ሚስቱ ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆባት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መኪናዋ እስክትቀዘቅዝ ጠብቀው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አማቱ ያን ቀን ሳይታከሙ ቀሩ።

በማግስቱ ሲስተር ደጃፍ መኪናዋን አቁሞ ቁልፉን ዘረጋላቸው። «ይውሰዱልኝ። ፍሬን የሌላት መኪና ናት። ሰው ልትጨርስ ነበር» አለ።

ሲስተር ገብተው ፍሬኑን ረገጡት። ጠንካራ ነው። ወደ እሱ ዞሩ።

«በስንተኛ ማርሽ ነው የወረድከው?»

«በአራተኛ።»

«እግርህስ?»

«ፍሬን ላይ።»

«ከየት ጀምሮ?»

ሰውዬው ቀስ ብሎ «ከአናቱ ጀምሮ» አለ።

ሲስተር ነጠላቸውን ደርበው አጠገቡ ተቀመጡ። «ንዳ» አሉት። ከቁልቁለቱ በፊት፣ መንገዱ ገና ሜዳ እያለ አስቆሙት።

«አሁን ሁለተኛ አስገባ።»

«ሲስተር፣ ቁልቁለቱ እኮ አልተጀመረም።»

«ለዚያ ነው አሁን የምታስገባው። ፍጥነት ከያዘች በኋላ ማርሹ እሺ አይልህም፤ አይተኸዋል። ፍሬን ሲግል ይከዳል፤ መኪና ያቆማል እንጂ ተራራ ሙሉ ተሸክሞ አያወርድም። የሚይዛት ሞተሩ ነው። እግርህን አንሣ።»

ወረዱ። እግሩን ማንሣት ግን አልሆነለትም፤ ጠጠሩና ገደሉ ይታየዋል። ከኋላ አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋበት፤ ሲስተር እንዲያልፍ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። «አንሣ» አሉት እንደገና። ሰውዬው እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ። ሞተሩ ድምፁን አወፍሮ አጉረመረመ። መኪናዋ ግን አልሮጠችም። ልጓም እንደያዛት በቅሎ እየተቆጠበች ወረደች። ኩርባው ሲደርስ ብቻ ፍሬኑን ነካ ያደርግና ይለቃል። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ወርዶ መዳፉን ወደ ጎማው አስጠጋ። ሞቅ ብሏል እንጂ አልጋለም። እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አለ፤ ከትናንት ወዲህ ያልተነፈሰው ትንፋሽ ያን ጊዜ ወጣለት።

ሐኪሞቹ ከመሄዳቸው በፊት አማቱን ይዞ ወረደ። አማቱ በመንገድ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዓይናቸው ታክሞ ሲመለሱ ግን የገደሉን ጥልቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አዩና «በዚህ ነው ያወረድከኝ?» አሉት። ደጋው ላይ እስኪወጡ የበሩን እጀታ አለቀቁም።

እዚህ ላይ መሪጌታ ወደ ሽባባው ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተም ቁጣህን የምትይዘው በፍሬን ነው። ጥርስ መንከስ ፍሬን ነው፤ ቃል መግባትም ፍሬን ነው። አይጠቅምም አልልህም። ነገር ግን በሙሉ ፍጥነት እየወረድክ እሱን ብቻ ስትረግጥ ይግልና ይከዳሃል። ያኔ ተፈጥሮዬ ነው ትላለህ። ያቺ መኪና ክፉ አልነበረችም፤ ሰውዬውም ጥሏት ቢሄድ ኖሮ በቀጣዩም መኪና እንደዚያው ይወርድ ነበር። ንገረኝ፤ ቁልቁለቱ የት ነው የሚጀምርህ?»

ሽባባው አሰበ። «ቤት ስደርስ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ግን አይደለም። ከሥራ ስወጣ ነው። አሠሪዬ የተናገረኝን መንገዱን ሁሉ እያመላለስኩ፣ ያልመለስኩለትን እየመለስኩለት እሄዳለሁ። በሩን ስከፍት ነገሩ እሳት ሆኗል።»

«እንግዲያው በሩ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው ማርሹን የምትቀንሰው። መሣሪያህን ስትሰበስብ ቁም። ውኃ ጠጣ፤ ፊትህን ታጠብ። የአሠሪህን ነገር ለነገ አሳድረው። ቀስ ብለህ ሂድ፤ ብትዘገይም ዘግይ። የቀረውን ትንሹን ፍሬኑ ይችለዋል።»

ሽባባው ትከሻው ወረደ። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ልጄንስ ምን ልበላት?» አለ።

«አጥፍቻለሁ በላት፤ ለእናቷም እንደዚሁ። ከዚያ ነይ ብለህ አትጥራት። ገብተህ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ደጋግማ ታይሃለች፤ በራሷ ጊዜ ትመጣለች።»