ከንቲባው ያላዩት ጉድጓድ

አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ገበያው በር ላይ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። በዚያ ሳምንት በዚሁ ጉድጓድ ሰበብ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ እሷ አራተኛዋ ነበረች።

ከንቲባው አቶ ዘርጋው አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ሆስፒታሉን ሲጎበኙ፣ ነርሷ የአደጋውን ምክንያት ካርዱ ላይ ልትጽፍ ስትል ደረሱ።

«የራሷ ዝንጉነት ብለሽ ጻፊ» አሏት። ወደ ሴትዮዋም ዞረው፣ «ለመሆኑ ያን የሚያህል ጉድጓድ እንዴት አይታይሽም?» ሲሉ ተቆጡ።

ሴትዮዋ ከትራሷ ቀና አለችና፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ከነአጃቢዎችዎ ሁለት ዓመት ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ያላዩትን ጉድጓድ፣ እኔ አንዷ ጎርፍ ከሸፈነው በኋላ እንዴት ልየው?» አለቻቸው።

ከንቲባው ወደ ነርሷ ዞሩና፣ «እንግዲያው ጉድጓድ ብለሽ ጻፊ» አሉ።