የአስካለ ልብ ባለውለታ

በአንድ ወቅት፣ መቼ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ፣ አያ ደርሶ የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ ሊሞቱ ሲሉ ሙያቸውን ለሦስት ሴት ልጆቻቸው አካፈሉ። ለትልቋ ለብርቄ የደከመ ልብ የሚያበረታ ሥር አሳዩአት። ለመካከለኛዋ ለላቀች የሚጋልብ ልብ የሚያረጋጋ ቅጠል አሳዩአት። ትንሿ እንጉዳይ ተራዋ ሲደርስ መድኃኒቱ አልቋል። «አንቺ እጅ ይዘሽ የልብ ትርታ ማዳመጥ ትችያለሽ፤ እሱ ይበቃሻል» አሏት። እኅቶቿማ ሳቁባት።

በዚያው አገር አስካለ የምትባል አራስ ነበረች። ሴት ልጅ በተገላገለች በሦስተኛው ሳምንት እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ጋደም ማለት አቃታት። ልቧ አቅም የለውም፤ ደግሞ ይጋልባል! ልጇን አቅፋ ለማጥባት እንኳ ጉልበት አጣች። ሳላሳድጋት ልሞት ነው ብላ አለቀሰች። «ማርያምን! እኔን ያዳነች ሴት፣ እሷ ልጄን ክርስትና ታነሳልኛለች!» ብላ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት ተሳለች። ባሏ ሻረው ይህን ሲሰማ እየሮጠ ወጣ፤ ሦስቱን እኅትማማቾች ይዞ ከተፍ አለ።

ብርቄ አላመነታችም። ሥሩን ቀቅላ «ጠጪ!» አለቻት። ወይ ተአምር! በማግስቱ የአስካለ ልብ ደረቷን በኃይል ይመታ ጀመር፤ የእግሯ እብጠት ጎደለ። ግን ግልቢያው አልቆመም። ልቧ ደም የሚሞላበት ፋታ አጣ፤ እሷም ላብ በላብ ሆነች።

«እትዬ፣ አሁን ለእኔ ልቀቂልኝ» አለች ላቀች። «ቅጠሌን ትናንት ብሰጣት ኖሮ ያ የደከመ ልብ ጭራሽ ይቆም ነበር። ዛሬ ግን ይችለዋል።» አጠጣቻት። ልቧ ቀስ፣ ቀስ፣ ረጋ አለ። እፎይ! አስካለ ስንት ቀን የራቃትን እንቅልፍ ተኛች፤ ስትነቃ ልጇን አቅፋ አጠባች። ሻረው በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው፤ ጎረቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

አሁን ምን ሆነ መሰላችሁ? አስካለ አላርፍ አለች። «ጨምሩልኝ! ትንሹ እንዲህ ካደረገኝ ብዙውማ ምን ሊያደርገኝ ነው!» ሁለቱ እኅቶችም ምስጋናው ጣፍጧቸው ጨመሩላት። በሳምንቱ ምግብ አስጠላት፤ የልጇ ፊት ሳይቀር ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ታያት። ይከለክሉኛል ብላ ዝም አለች።

እስከዚያች ቀን እንጉዳይን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። መጣችና የአስካለን እጅ ያዘች። አንድ፣ ሁለት፣ ጠፋ። አንድ፣ ጠፋ። ብድግ ብላ ከአስካለ ከንፈር የደረሰውን ዋንጫ ነጠቀችና መሬት ላይ ደፋችው!

«አብደሻል?» ጮኸች ብርቄ።

«ልቧ ሊቆም ነው! አንድ ጉንጭ ብትደግም አለቀላት!»

ሦስት ቀን ሙሉ እጇን ሳትለቅ ቆጠረች። በአራተኛው ቀን ትርታው ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ሥሩም ቅጠሉም እንጉዳይ በቆጠረችው ልክ ብቻ ይሰጥ ጀመር፤ አስካለም ድና ተነሳች።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞላትና ክርስትናዋ ደረሰ። አስካለ ልጇን አቅፋ፣ በገዛ እግሯ ሄዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ካህኑ «የክርስትና እናቷ ትቅረብ!» ሲሉ ሦስቱም እኅትማማቾች እኩል ወጡ። ኧረ ጉድ!

«ልቧን ያበረታሁት እኔ ነኝ» አለች ብርቄ። «ሞቶ ቢሆን ኖሮ ላቀች ምኑን ታረጋጋው ነበር?»

«እኔ ባልይዘው ጋልቦ ጋልቦ ይገድላት ነበር» አለች ላቀች።

«ሁለታችሁ ልትገድሏት ስትሉ ያስጣልኳት እኔ ነኝ» አለች እንጉዳይ።

«አንቺ ደግሞ! ምን ሰጥተሻታል? መድፋትም ሙያ ሆነ?» አለቻት ብርቄ።

ሻረው ወደ ካህኑ ጠጋ አለ። «አባ፣ ሦስቱም ቢያነሷትስ?»

«የክርስትና እናት አንዲት ናት፣ ልጄ። የተሳለችውም ለአንዲት ነው። በሉ ቶሎ በሉ፤ ሕፃኗን በረዳት።»

አስካለ ሦስቱንም አየቻቸው። ሦስቱንም ትወዳቸዋለች፤ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል። ስለት ደግሞ አይታጠፍም። እንግዲህ እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ፍረዱ፤ አስካለ ልጇን ለማን ትስጥ?