በአህያ በረት ያደገው ጅብ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ ዛሬ «የአህያ በረት» በሉኝ።

አንዲት አህያ እናቱ የሞተችበትን የጅብ ግልገል ወንዝ ዳር አገኘችና ከውርንጭላዋ ጋር አጥብታ አሳደገችው። ግልገሉ እንደ ወንድሙ ላናፋ ባለ ቁጥር የሚወጣው የጅብ ጩኸት ነበር። የበረቱ ሽማግሌ አህያ ታዲያ ነጋ ጠባ ያጉረመርማል።

«ዝም አሰኚው! የጅብ ልጅ ያው ጅብ ነው፤ አንድ ቀን ይበላናል።»

«ወተቴን ጠጥቷል፤ ልጄ ነው» ትላለች አህያዋ።

አንድ ቀን ሲመሻሽ የተራቡ ጅቦች መጥተው አጥሩን ይገፉ ጀመር። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ «አላልኳችሁም? ዘመዶቹን ጠራብን!» አለ።

ግልገሉ ግን አጥሩ ሥር ቆመና በዚያው ይዞት በተወለደው ድምፅ፣ «ማነው እናቴን የሚያስፈራራት?» ብሎ ጮኸ።

ጅቦቹ ክው አሉ። «የልጁ ድምፅ ይህን ካከለ፣ እናቲቱማ ምን ታክል ይሆን?» ተባባሉና እግሬ አውጪኝ አሉ።

እናቲቱ እፎይ አለች፤ ልጇንም ላሰችው። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተጠጋ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ አንዴ ድገምልኝ፤ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ደገመለት። በረቱ ሁሉ ተኛ፤ ተረቴም አብሮ ተኛ።